የተፈታው ቻርጀር

ቀጭኔ የመጨረሻውን መልስ ጽፋ «ላክ» የሚለውን ልትጫን ጣቷን ስታነሳ ኢንተርኔቱ ጠፋ።

ዞር ብላ አየች። እናቷ የዋይፋዩን ቻርጀር ከሶኬቱ ነቅላ እንደታመመ ሕፃን ግንባር በእጇ ጀርባ ትዳብሰዋለች።

«እማዬ፣ መልመጃ እየላክሁ እኮ ነው።»

«ትኩሳት አለው።»

«ሁሌም ይሞቃል። ቻርጀር አይደል?»

«ለብ ማለትና መጋል አንድ አይደለም።» እናቷ ቻርጀሩን ከጨርቁ ክምር አርቃ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «ትንሽ ይረፍ። አንቺም ዓይንሽን አሳርፊ።»

ቻርጀሩ አረፈ። ቀጭኔ ግን ስልኳን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትንቆራጠጥ ቆየች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የሂሳብ መምህሩ የሰጠው ሰዓት አልፎ ገጹ ተዘግቷል። ከምሳ ጀምሮ ስትታገልበት የዋለችውን ሁሉ ውሃ በላው።

«አየሽ? ዜሮ ነው የሚሰጠኝ።»

«ቤት ከሚቃጠል ዜሮ ይሻላል።»

ችግሩ ይሄ ነው። ለእናቷ ማንኛውም ነገር ቤት ከሚቃጠል ይሻላል። በዚህ ሚዛን እየለካች የምትከራከርን ሰው ማን ያሸንፋታል?

ቀጭኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ቁመቷ ድንገት ተመዞ መምህራኑን ሁሉ ቁልቁል ማየት ጀመረች። እናቷም ቅጽል ስም አላት፤ እሷ ባለችበት ግን አይጠራም። የሕንፃው ልጆች በሙሉ «እሳት አደጋ» ይሏታል። ድምፅዋ ደረጃው ላይ ሲሰማ አንዱ «እሳት አደጋ መጣች፣ ስልካችሁን ንቀሉ» ይላል፤ ሌሎቹ ይንጫጫሉ። ቀጭኔም አብራቸው ትስቃለች። ምን ታድርግ።

ስሙ ከሜዳ አልመጣም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራውም እቤት፣ የሳሎኑን ግማሽ በያዘ የስፌት መኪናና በጨርቅ ክምር መሃል ነው። «ጨርቅ ያለበት ቤት ነው» ትላለች፤ ለሷ ይህ ሁሉንም ነገር ያስረዳል። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ባዶው ሴራሚክ ላይ ብቻ ነው። አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ጨርሶ አይታሰብም። ሰው ከተኛ በኋላ ሶኬት ላይ ምንም አያድርም። የሪሞት ባትሪ ሲደክም ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ፤ አሮጌና አዲስ አይጋቡም። ትንንሾቹ ክብ ባትሪዎች ደግሞ፣ የጎረቤት ሕፃን መጥቶ እንዳይውጣቸው፣ እንደ መድኃኒት ተቆልፎባቸው ነው የሚኖሩት። ከቤት ሲወጣ ሁሉም ነገር ይነቀላል። ፍሪጁን ብቻ በይቅርታ ታልፈዋለች።

«ግን ቤት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር አንድ ጊዜ።

«አላየሁም» አለች እናቷ። «ማየትም አልፈልግም።»

ከሁሉ የሚያበሽቀው ግን እስር ቤቱ ነው።

እስር ቤቱ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። አንድ ቻርጀር ከመጠን በላይ ከጋለ፣ ከሸተተ፣ ጥዝዝ ካለ፣ ወይም የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ካልታወቀ፣ እናቷ ገመዱን አጥፋ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥረዋለች። ያ ማለት ታሰረ ማለት ነው። በዚያ ቤት የተቋጠረ ገመድ የሚሰካ ሰው የለም። አባቷ እንኳን፣ በሁሉም ነገር የሚቀልደው ሰውዬ፣ «ይግባኝ የለውም ወይ?» ከማለት አልፎ አይነካውም። ታሳሪዎቹ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉም። «እኔ ብጥለው አንዱ ያነሳዋል» ትላለች እናቷ። «ቆርጬ ብጥለውም በፕላስተር ቀጥሎ ይሰካዋል። ሰው እንደሆነ ከገባለት ይበቃዋል።»

ባለፈው ሳምንት የቀጭኔ የስልክ ቻርጀር ታሰረ።

ጥፋቱ ገመዱ አንገቱ ላይ ትንሽ መላጡ ነበር። ቀጭኔ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልላ ሸፍናዋለች፤ እናቷ ግን ፕላስተሩን ራሱን እንደ ማስረጃ ቆጠረችው። አዲስ እስኪገዛ ድረስ በእናቷ ቻርጀር ተራ ጠብቂ ተባለች። ተራው ሲደርሳት እናቷ ወንበሯን አስጠግታ ስልኩን እያየች ትሰፋለች። በግማሽ ቻርጅ «በቃው፣ ሞቀ» ትላለች። በማግስቱ ስልኩ ትምህርት ቤት ከምሳ በፊት ይሞታል፤ የቡድን ሥራ የሚላከው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው። ቀጭኔ ለቡድኑ ልጆች ምን ብላ ትንገራቸው? እናቴ ስልኬን ትኩሳት ለካችው ልበል?

እናቷ ክር ልትገዛ በወጣችበት ከሰዓት ቀጭኔ ወንበር ላይ ወጥታ ቆርቆሮውን አወረደችው።

አብራት የነበረችው ከታች ፎቅ የምትኖረው ጓደኛዋ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ የተባለችው ስለማትዘጋ ነው።

«ውይ፣ ስንት ናቸው» አለች ቆርቆሮው ውስጥ አፍጥጣ። «ሁሉም ወንጀለኞች ናቸው?»

«አንዳቸውም። ጥፋታቸው እናቴ እጅ ላይ መውደቃቸው ነው።»

ቀጭኔ የራሷን ቻርጀር ከመሃል ጎትታ አወጣችና ቋጠሮውን በጣቷም በጥርሷም ታግላ ፈታችው። ሬዲዮ በበኩሏ ጥቁር፣ ወፈር ያለ አንድ ቻርጀር አንስታ ጫፉን እያገላበጠች ታያለች።

«ይሄ የእማማ ቬንትሌተር ላይ የሚገባ ይመስለኛል።»

እማማ የሬዲዮ አያት ናቸው። ከአልጋ ብቻቸውን አይወርዱም፣ ሙቀትም አይችሉም፤ ስለዚህ አጠገባቸው ባትሪ ያለው ትንሽ ቬንትሌተር ተቀምጧል። የሱን ቻርጀር ሬዲዮ ለድምፅ ማጉያዋ ብላ ትምህርት ቤት ወስዳ እዚያው ጥላዋለች። ቤታቸው ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም።

«አባቴ እስካሁን ልብ አላለም» አለች። «ያለ ቀን ግን አለቀልኝ። ድምፅ ማጉያዬን ነው የሚወስደው። ስጪኝ በናትሽ። ምን አድርጎ ነው የታሰረው?»

«የድሮው ዋይፋይ ቻርጀር ነው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሳል ይዞት ይሆናል።»

«ልፍታው?»

ቀጭኔ እጇ ላይ ያለውን የተላጠ ገመድ አየች። የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፣ ጨርቅ ያለበት ቤት ነው፣ ጨርቅ ያለበት ቤት ነው።

«ፍቺው» አለች። «ሁሉንም ብንፈታቸው ደስታዬ ነው።»

ወዲያው ወርደው ሞከሩት። ጫፉ ቬንትሌተሩ ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ቀይ መብራት ቦግ አለ፣ ክንፎቹ ዞሩ፣ የእማማ ሻሽ ጫፍ ተርገበገበ።

«ገባ እኮ» አለች ሬዲዮ እየሳቀች። «ከገባ የሱ ነው።»

ነገሩ በዚያው ተረሳ። ቢያንስ ቀጭኔ ረስታዋለች። ዛሬ፣ መልመጃዋን ውሃ ከበላው በኋላ፣ የምታስበው ስለ ዜሮዋ ብቻ ነበር። እናቷ «ዳቦ አልቋል» ስትል ሌላ ቃል ሳትጨምር የዳቦ መያዣውን ነጥቃ በሩን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጋ ዘጋችው።

ደረጃው ላይ ከሬዲዮ አባት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ይወርዳል።

«ቀጭኔ፣ ጎንበስ በይ እንጂ፣ ጣሪያ ታፈርሺብናለሽ።»

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«ደህና። ስሚማ፣ ለእናትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ወጥቼ ላመሰግናት እያልኩ ሥራ ወጥሮ ያዘኝ። ለዚያ ቻርጀር።»

ቀጭኔ «ለየትኛው?» ልትል አፏን ከፈተች። ሳትጨርሰው ገባት።

«ልጄ ነገረችኝ፣ እናትሽ ራሷ መርጣ፣ መርምራ ነው የሰጠችኝ ብላ። ሌላ ሰው ሰጥቶኝ ቢሆን እናቴ አጠገብ አላስጠጋውም ነበር። እኔም በዚህ ነገር ፈሪ ነኝ፣ ለሰው እንዳትነግሪ። ግን ከእሳት አደጋ…» ቆም አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእናትሽ እጅ ያለፈ ነገር ምኑ ይጠረጠራል? ማለዳ ሰክቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ እነቅለዋለሁ። አሁን ሐሳብ የለብኝም።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ። እማማም ንፋስ አገኘች፣ እኔም አረፍኩ። በይ፣ አንድ አጭር ዙር ነው የቀረኝ፣ መጣሁ።»

ሹፌሩ እያፏጨ ወረደ። ቀጭኔ የደረጃውን ብረት ይዛ እዚያው ቀረች።

ለካ ሰው በእናቷ እየሳቀ ያምናት ነበር። የሚስቁት እነሱው፣ የሚያምኑትም እነሱው። እሷ ደግሞ እናቷ የፈረደችበትን ዕቃ ፈታ በእናቷ ስም አከፋፈለች። በእርግጥ «በእናቴ ስም» አላለችም። ያን ያለችው ሬዲዮ ናት። ይህን ስታስብ ትንሽ ቀለል የሚላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም።

ሬዲዮን ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አገኘቻት። እጇን ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት።

«እናቴ ናት የሰጠችኝ ብለሽ ነው ያወራሽው?»

«ቀስ በይ፣ ተራዬን ትወስጂብኛለሽ።» ሬዲዮ ወደ ሰልፉ ዞር ብላ ለአንዲት ሴትዮ «መጣሁ፣ ከርስዎ ኋላ ነኝ» አለች። «ምን ልበል ታዲያ? ከእስር ቤት ያመለጠ ነው ልበል?»

«ሌላ ሰው ሰጠኝ አትዪም ነበር?»

«አባቴን አታውቂውም። የመጀመሪያው የት ሄደ ብሎ ይቀጥላል። ማዘርሽን ስጠራለት ግን ዝም አለ። ጭጭ። የማዘርሽ ስም እኮ እንደ ማኅተም ነው።»

«ቻርጀሩ እንዴት ነው? ይግላል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ። ምነው አንቺ ደግሞ፣ እሳት አደጋ ጁኒየር ሆንሽ እንዴ? ይሠራል፣ ገብቷል፣ አለቀ።»

«ይሸታል?»

ሬዲዮ ወደ ሰልፉ ዞረች። ሬዲዮ ዝም ካለች ነገር አለ።

«ይሸታል ወይ ነው የምልሽ።»

«ትናንት ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ አለ። መስኮቱን ከፈትኩት፣ ጠፋ። ነገ ሌላ እፈልግለታለሁ፣ ተረጋጊ።»

«አሁን እማማ ጋ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል? እኔ እዚህ ነኝ።»

ቀጭኔ ዳቦውን ረሳችው። ረጃጅም እግሮቿ ለአንድ ነገር የጠቀሟት ያን ቀን ነው።

የነሬዲዮ በር ጎረቤት ብቅ እያለ እማማን እንዲያያቸው ቀን ቀን አይቆለፍም። ገፋ አድርጋ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም መጋረጃ። ቬንትሌተሩ አልጋው ራስጌ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይዞራል። ገመዱን በዓይኗ ተከትላ ሄደች። ወደ አልጋው ወርዶ፣ በብርድ ልብሱና በግድግዳው መሃል ገብቶ፣ አንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ያልቃል። ማከፋፈያው ፍራሹ ላይ ነው። በላዩ የእማማ ነጠላ ተጥሎበታል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፣ ቀጭኔ።»

«ረጅሟ? ግቢ፣ ግቢ። ልጅቷስ?»

«ዳቦ ሰልፍ ላይ ናት። እማማ፣ ይሄ ነጠላ ለምን እዚህ ሆነ?»

«መብራቱ ዓይኔን ወጋኝ። ቀይ ነገር ያበራል፣ ሸፈንኩት።»

ቀጭኔ ነጠላውን አነሳችው። ሽታው ቀድሞ መጣ፤ ጸጉር መተኮሻ ረስተው ሲተዉት የሚሸተው ዓይነት። ቻርጀሩን በእጇ ጀርባ ነካችውና ወዲያው መለሰችው። በጣት እንኳን የሚነካ አልነበረም። ከሥሩ ያለው አንሶላ ሻይ የተደፋበት ይመስል ቡናማ ቀለበት ይዟል።

ማብሪያውን አጥፍታ ነቀለችው። ክንፎቹ እየቀዘቀዙ ሄደው ቆሙ።

«ምነው ልጄ? ሙቀቱ ገደለኝ እኮ፣ ተይው።»

«ቻርጀሩ በጣም ግሏል እማማ።»

«ይጋል። እኔስ ግዬ የለ?»

ቀጭኔ ልትስቅ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ነጠላውን እጇ ላይ ጠቅልላ ቻርጀሩን ከፍራሹ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አኖረችው። ቬንትሌተሩንም አነሳችው። ባትሪው ያለበት ሆዱ ይሞቃል፤ ክዳኑ በአንድ በኩል ገፋ ብሎ ተነስቷል። ሥሩን ገልብጣ አየች። ከቀዳዳው አጠገብ በደቃቅ ፊደል ስድስት ቮልት ይላል። ጎንበስ ብላ የቻርጀሩን ጀርባ አነበበች። አሥራ ሁለት።

እናቷ ቻርጀር ከመሰካቷ በፊት ሁሌም ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጋ ታነባለች፤ ዓይኗ ስለደከመ በስልኳ ካሜራ እያጎላች። ቀጭኔ ደግሞ አጠገቧ ቆማ «ገባ እኮ እማዬ፣ ምን ታነቢያለሽ?» ትላታለች። «የማይሆንሽ ጫማም እኮ እግርሽ ላይ ይገባል» ትላለች እናቷ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። እንዴት የሚያናድድ መልስ ነበር። አሁንም ያናድዳል። አሁን የሚያናድደው ግን ትክክል ስለሆነ ነው።

ቬንትሌተሩን ከአልጋው አርቃ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ምንም እንደሌለ ዞራ አየች። ስትመለስ ሐሳቧ ተዘጋጅቶ ነበር። ቻርጀሩን ኪሷ ትከታለች። እማማን «ተበላሽቷል» ትላለች። ሬዲዮ ለአባቷ «ተበላሸ» ትላለች። ማንም ምንም አያውቅም፤ እናቷም አታውቅም። የራሷ የተፈታ ቻርጀር ከአልጋዋ ኋላ ተሰክቶ እንደተደበቀ ይቆያል… አይ፣ እሱንም ዛሬውኑ ትነቅለዋለች። ግን በዝምታ። «አላልኩም?» የሚለውን ቃል ዕድሜ ልኳን ሳትሰማ።

«እማማ፣ ይሄ ቻርጀር ተበላሽቷል፣ ልውሰደው?»

«ውሰጂው። ልጄ እንደሆነ ዛሬ ሌላ ያመጣል።»

ቀጭኔ ቀና አለች። «ሌላ?»

«አዎ። ማለዳ ጀርባውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነው የሄደው። ሱቁ ያለው እሱ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው አሉ። ልክ እንደዚህ ያለ፣ ቁጥሩም ሳይቀር፣ አዲስ እገዛለሁ አለኝ። አንዱ ቢታመም አንዱ እንዲተካ።» እማማ ሳቅ አሉ። «የናትሽ ቻርጀር እኮ አርአያ ሆነ።»

ቀጭኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አዲስ አሥራ ሁለት። አዲስ ስለሆነ ማንም የማይጠረጥረው፣ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ ያበጠውን ባትሪ እንደገና ሲያፈላ የሚውል። ሰውየው ከመንገዱ ወጥቶ፣ እናቱን ብሎ፣ የእናቷን ስም አምኖ የሚገዛው። የተበላሸው ያ ጥቁር ዕቃ ብቻ ቢሆን ኪሷ ይችለው ነበር።

«ሞቀኝ» አሉ እማማ።

ጠረጴዛው ሥር የጫማ ካርቶን ነበር። ክዳኑን አንስታ ታራግብላቸው ጀመር።

ክንዷ መዛል ሲጀምር ሬዲዮ እያለከለከች ገባች፤ ዳቦዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋቸዋለች። የቆመውን ቬንትሌተር በረንዳው ላይ አየች፣ ቻርጀሩን ወለሉ ላይ አየች፣ ፍራሹ ላይ ያለውን ቡናማ ቀለበት አየች። ዳቦዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ወደ ቀጭኔ ጆሮ ተጠጋች።

«እሺ፣ አንቺ ትክክል ነሽ። ግሏል። ወስደን እንጥለዋለን። በቃ።»

«አባትሽ እንደሱ ያለ ሌላ እያመጣ ነው።»

«ከየት ሰማሽ?»

ቀጭኔ ወደ እማማ በአገጯ ጠቆመች። ሬዲዮ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች።

«የሚመጣውንም እደብቀዋለሁ።»

«ከዚያ ሦስተኛ ይገዛል። አንቺ ትደብቂያለሽ፣ እሱ ይገዛል።»

«ዛሬ አትንገሪው። ነገ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ በእግዜር።»

«ነገ ማለዳ ነው የሚሰካው።»

«አንቺ ምን ቸገረሽ? ድምፅ ማጉያው የኔ ነው የሚወሰደው። ከበር አያስወጣኝም። ያንቺ እናት ቢበዛ ትቆጣሻለች።»

ቀጭኔ እናቷ ምን እንደምታደርግ አሰበች። ብትቆጣ ቀላል ነበር። እናቷ ግን አትቆጣም፤ ትቀመጣለች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሊደርስ ይችል የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ታየዋለች፣ ፊቷ ላይ እያለፈ። ከዚያ ወዲያ ቀጭኔ ስለ የትኛውም ሶኬት አፏን መክፈት አትችልም። ዋይፋዩ በፈተና መሃል ሲነቀል ዝም። ስልኩ በግማሽ ሲነቀል ዝም። አንድ ቃል ብትናገር እናቷ የምትመልሰው ይኖራታል።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«የት ነሽ? ዳቦ ቤቱ ተቃጠለ?»

«እማማ ጋ ነኝ።»

«ምን ሆኑ? ወደቁ? ትንፋሻቸው…»

«ምንም አልሆኑም። ሞቋቸው እያራገብኩላቸው ነው።» ካርቶኑን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ሬዲዮ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሁለት እጇን አጋጥማ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትለምናታለች። ቀጭኔ ዓይኗን ወደ መጋረጃው መለሰች። «እማዬ፣ ወደ ታች ውረጂ።»

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም። ገና ነው።» ይህ እንደማያረጋጋት ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። «ማለቴ፣ ነቅዬዋለሁ። ግን ውረጂ። ጋሼም አሁን ይገባሉ። ለሁለታችሁም የምነግራችሁ አለኝ፤ ሁለቴ መናገር አልችልም።»

እናቷ ሌላ ጊዜ ቢሆን አሥር ጥያቄ ትደረድር ነበር። አሁን ከስልኩ ወዲያ የስፌት መኪናው ሲቆም ብቻ ተሰማ።

«መጣሁ» አለች።

ቀጭኔ ስልኩን ዘጋች። ሬዲዮ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«ቢያንስ ከኔ አትጀምሪ» አለች ከጣቶቿ መሃል።

«ከራሴ ነው የምጀምረው።»

«ምን እየተንሾካሾካችሁ ነው?» አሉ እማማ። «ንፋሱም ቆመ።»

«መጣ እማማ፣ ይኸው።»

ካርቶኑን ወደ ቀኝ እጇ መለሰችው። ከላይ የእናቷ ነጠላ ጫማ ደረጃውን እየመታ መውረድ ጀመረ። ከታች ደግሞ ፉጨት ይወጣል። ፉጨቱ ቀደመ። ሹፌሩ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ፤ ትንሽ አዲስ ካርቶን በፌስታል ይዟል፣ ፊቱ ላብና ፈገግታ ነው።

«ኧረ እንግዳ አለ። እማማ፣ አገኘሁልሽ፣ ቁርጥ እሱን ነው።» ጥፍሩን የካርቶኑ ማሸጊያ ላይ አሳረፈ።

ቀጭኔ ተነሳች። ወንበሩን ወደሱ ገፋ አደረገችለት።

«ጋሼ፣ አይክፈቱት» አለች። «መጀመሪያ ይቀመጡ።»